«ሰንጠረዥ ሐራም ነው ወይ?» ስለ ቁማር፣ ጨዋታና ገበጣ ቃላት

የሆጤዋ፦

ሰላም የቃል ሰዎች፣ ዛሬ የመጣሁት የቤት ጭቅጭቅ ይዤ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ለልጆቹ ሉዶ ገዝቶ መጣ፣ ያው ታውቁታላችሁ ባለ አራት ከለር ሰሌዳው ዳይስ ያለው፣ ልጆቹ ገና ከፌስታሉ አውጥተው ሳይጨርሱ አባባ ዳይሷን አዩና «ቁማር ቤቴ አይገባም!» አሉ። ወንድሜ «ኧረ አባባ ብር የለበትም እኮ፣ ጨዋታ ነው» ቢላቸው «ጨዋታማ ይሄ ቡና እየጠጣን የምንጫወተው ነው» ብለው ዘጉት። እውነታቸውን ነው ደግሞ፣ እኛ ጋ እንግዳ ዝም ሲል «ምነው ተጫወቱ እንጂ» ነው የሚባለው፣ ማንም ተነስቶ ኳስ አይመታም። ሐራም ነው ሐላል ነው ለማለት እኔ እውቀቱ የለኝም፣ የገረመኝ ሁለቱ በአንድ ቃል ሲከራከሩ አምሽተው ስለ ሁለት ነገር እያወሩ መሆናቸው ነው። ቁማር ስንል ብሩን ነው ወይስ ዳይሷን?

ቦርከና፦

ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር ካርታ የያዘ ሁሉ ቁማርተኛ ነው፣ አለቀ። እናቴ እኔና እህቴ በባዶ ስንጫወት አይታ «ቁማራችሁን አንሱና እራት አቅርቡ» ትላለች፣ አምስት ሳንቲም እንኳን የለበትም እኮ። ፑል ቤት ግን የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል፣ አንዳንዴም ምሳ፣ እሱን ማንም ቁማር ብሎት አያውቅም፣ «ጨዋታ» ነው።

ደረሳ ነበርኩ፦

የሆጤዋ እህቴ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። በልጅነቴ ትንሽ ቀርቻለሁ (የሃይማኖት ኪታብ ተምሬያለሁ)፣ ሸህ አይደለሁም፣ ፈትዋ (የሃይማኖት ብያኔ) ከኔ እንዳትጠብቁ፣ ቃሉን ግን ላውጋችሁ።

ቁማር የዐረብኛው ቂማር ነው። በፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ኪታቦች ቂማር የእቃ ስም አይደለም የውል ስም ነው፣ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ያስይዛሉ፣ አንዱ ይበላል አንዱ ይበላል (ይቺን በማጥበቅና በማላላት አንብቧት፣ አንዱ በይ አንዱ ተበይ)፣ ማለትም ስትገባ ወይ ታተርፋለህ ወይ ትከስራለህ። በምን እንደተጫወታችሁበት ጉዳይ የለውም፣ በካርታም በሩጫም ይሁን። በአማርኛ ግን ቃሉ ከውሉ ወርዶ እቃው ላይ ተለጠፈ። ስለዚህ የቦርከና ነገር ግልብጥ ነው፣ እናቱ ቁማር ያሏት የባዶ ካርታ ቂማር የሚባለው ውል የለባትም (ሌላ ጉዳይ ይኖርባት ይሆናል)፣ ያቺ «የተሸነፈ ሻይ ይክፈል» የምንላት ግን ወላሂ በፊቅህ ዓይን ቁልጭ ያለች ቂማር ናት። ብር ስላልተቆጠረና ሻይ ስለሆነ ጨዋ መሰለችን። ለመያዣውማ የራሳችን ቃል አለን፣ ውርርድ። በድሮው ሙግት ተሟጋቾቹ «በቅሎ አግባ!» «ማር አግባ!» እየተባባሉ ይወራረዱ የለ፣ ያ «አግባ» ማለት አስይዝ ማለት ነው።

ቁርአን ላይ ያለው ቃል ደግሞ መይሲር ነው፣ ሱረቱል ማኢዳ 5፡90 ላይ ከመጠጥ፣ ከጣዖትና ከአዝላም (የዕጣ ቀስቶች) ጋር ተደርድሮ የመጣው፣ አማርኛው ትርጉም «ቁማር» ነው የሚለው። መይሲር የወጣው «ቀላል» ከሚለው ሥር ነው ይላሉ፣ ሳይለፉ በቀላሉ የሚገኝ ገንዘብ ስለሆነ። የጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት የነበሩ) ዐረቦች ግመል አርደው በ10 ቀስት ዕጣ ያወጡ ነበር፣ 7ቱ ቀስት ድርሻ አላቸው፣ የመጀመሪያው 1 ሁለተኛው 2 እያለ ሰባተኛው 7 ይደርሳል፣ 3ቱ ባዶ ናቸው፣ ባዶ የወጣለት ስጋ አያገኝም ዋጋውን ግን ይከፍላል። ያ ባለ 7 ድርሻው ቀስት ስሙ «ሙዐላ» ነው፣ እስከ ዛሬ ዐረቦች በአንድ ነገር ትልቁን ድርሻ የያዘን ሰው «የሙዐላ ቀስት አለው» ይሉታል። እኛ «የአንበሳውን ድርሻ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ቀጣዩ አንቀጽ 91 ምክንያቱንም ይናገራል፣ በመካከላችሁ ጠብና ጥላቻ ይጥላል፣ አላህን ከማውሳትና (ዚክር) ከሰላት ያግዳል ይላል። ሁለተኛዋን ያዟት፣ ብር የሌለበት ጨዋታ ላይ ዑለሞቹ (የሃይማኖት ሊቃውንቱ) የሚመለሱት በሷ በኩል ነው።

የሸዋ በር ባለሱቅ፦

እና ሉዶው ብር ከሌለው ነፃ ነው በሉኛ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ አሉኝ እኮ፣ ዒድ ሲደርስ ልጆች በሱ ነው የሚጣሉት።

ደረሳ ነበርኩ፦

ጋሼ ቸኮሉ። አባባን ያስቆጣቸው ብር አይደለም፣ ዳይሷ ናት፣ እሳቸው ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የነቢዩ ንግግሮች መድብል ውስጥ ቡረይዳ ያወሩት ሐዲስ አለ፣ በነርደሺር የተጫወተ ሰው እጁን በአሳማ ስጋና ደም እንደነከረ ነው የሚል። እዚያ ላይ ብር የሚል የለም። ነርደሺር፣ ባጭሩ ነርድ፣ ማለት ዛሬ ዐረቦች ጣውላ የሚሉት በሁለት ዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፣ እና እዩልኝ እስቲ፣ ያ ጣውላ ከጣሊያን ታቮላ የመጣ ቃል ነው፣ የኛም አናጢ ጣውላ ከዚያው ነው፣ ሁለታችንም ከአንድ ሱቅ ገዝተን እነሱ ተጫወቱበት እኛ ጣሪያ መታንበት። ነርደሺር ራሱ ፋርስ ነው፣ የሳሳኒዶቹን ንጉሥ የአርደሺርን ስም የያዘ ነው የሚባለው፣ ሐዲሱን ያብራሩት ሊቅ ነወዊይ ግን «ሺር ማለት ጣፋጭ ነው» ብለው ነው የፈቱት። ኪታብ ላይም የቃላት ክርክር አለ ለማለት ያህል ነው።

እና አብዛኞቹ ዑለሞች በዚህ ሐዲስ ይዘው ነርድን ብር ቢኖረውም ባይኖረውም ሐራም ብለዋል፣ በዳይስ የሚሄደውን ሌላውንም ብዙዎቹ ከሱ ጋር ይቆጥሩታል። ከሻፊዒዮች (የኢማሙ ሻፊዒይ መዝሀብ፣ ማለትም የሕግ መንገድ፣ ተከታዮች) አቡ ኢስሐቅ አል መርወዚ ብቻቸውን ወጥተው መክሩህ (የሚጠላ) ነው እንጂ ሐራም አይደለም ብለዋል፣ ነወዊይ ራሳቸው ያወሩት ነው። በዘመናችንም ሐዲሱ የሚመለከተው ቁማር ለሆነው ነርድ ነው፣ የልጆች ሉዶ ሌላ ነው የሚሉ አሉ። ለኔ ግን በአባባ ቦታ ብሆን ዳይሷን ባላስገባት ይቀለኛል፣ የኔ ነገር ነው።

የሆጤዋ፦

እሺ ቼዝስ? እሱ ዳይስ የለውም።

ደረሳ ነበርኩ፦

ርዕሱ ላይ ያለው እሱ ነው። ቼዝ በኛ ቋንቋ ስሙ ሰንጠረዥ ነበር! ሳንስክሪት ቻቱራንጋ ይላል፣ አራት ክፍል ያለው ጦር፣ ዝሆን፣ ሰረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ፣ ፋርስ ቻትራንግ አለው፣ ዐረብ ሸጥረንጅ፣ እኛ ሰንጠረዥ። ቤተ መንግሥትና መኳንንት ቤት ይጫወቱት ነበር፣ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዴት ይወዱት እንደነበር ሄንሪ ሶልት የሚባለው እንግሊዛዊ ጽፏል። አጨዋወቱም የራሳችን ነው፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም፣ ከአንዱ ወገን አንድ እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ እየተሻሙ ያንቀሳቅሳሉ፣ ይቺ ክፍል «ወረራ» ትባላለች። አሁን ያ ሁሉ ጠፍቶ ሰንጠረዥ ማለት ኤክሴል ላይ ያለው ረድፍና ዓምድ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው መስጂድ ሄዶ «ሰንጠረዥ ሐራም ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኡስታዙ የሒሳብ ሠራተኛ መስሎት ግራ ይገባዋል 😀

መልሱስ? ኢማሙ ሻፊዒይ «አልወደውም፣ ግን ከነርድ የቀለለ ነው» ነው ያሉት፣ መዝሀባቸው መክሩህ ላይ ቆመ፣ ማስያዣ ከሌለበትና ሰላት ካላሳለፈ። የሌሎቹ መዝሀቦች መሪዎች ማሊክና አሕመድ ሐራም ነው፣ እንዲያውም ማሊክ ከነርድ ይብሳል ያዘናጋል ብለዋል። የሐነፊይ መዝሀብ ሰዎችም ያጠብቁታል። ወሎ ላይ ሻፊዒይም ሐነፊይም ስላለ ሁለት ደረሳ አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ሁለት መልስ ይዘው ቢሄዱ አይግረማችሁ። የያኔው የሳዑዲ ታላቅ ሙፍቲም በፈረንጁ 2016 መጀመሪያ ላይ ቼዝ ከቁማር ነው፣ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው ሲሉ የተናገሩት ዓለምን አዳርሶ ነበር።

ቦርከና፦

ዳማስ? እኔ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ካርቶን ላይ በእስኪርብቶ አስምረን፣ በቆርኪ፣ አንዱ የኮካ ቆርኪ አንዱ ቆርኪውን ገልብጦ። አጎቴ እኮ የዐስርን (የከሰዓቱን ሰላት) አዛን እየሰማ «ይቺን ልብላና» ይላል፣ ስትበላ ደግሞ ሌላ የምትበላ ይመጣል።

ደረሳ ነበርኩ፦

አጎትህ 91ኛዋን አንቀጽ ነው የተረጎመልህ፣ አልጨምርበትም።

ግን ለዳማም ለገበጣም የሚሆን አንድ የሻፊዒዮች መለኪያ አለ፣ በጣም ነው የምወደው፤ ጨዋታው የቆመው በሒሳብና በሐሳብ ነው ወይስ በግምት? ሒሳብ ከሆነ ወደ ሸጥረንጅ ይጠጋል፣ ግምት ከሆነ ወደ ነርድ። ምሳሌ ሲያመጡ ሚንቀላ የሚባለውን ያነሳሉ፣ ጉድጓድ ያለው ጠጠር የሚታደልበት፣ ቃሉ ማዘዋወር ማለት ነው። የኛ ገበጣ ነው እኮ! ኢማሙ ሻፊዒይ ራሳቸው ኡም በሚባለው ኪታባቸው «ሐዛ» የሚባል ጉድጓድ ያለው እንጨት ጨዋታን እንደሚጠሉ ጽፈዋል፣ የኋለኞቹ ግን ሒሳብ ነው ብለው አቀለሉት። ስለዚህ የገበጣዋ ጠጠር እንደ ዳይስ አትፈርድብህም፣ አንተ ነህ የምትቆጥራት።

እና አባባ «ጨዋታ» የሚለውን ቃል ለወሬ ብቻ ማድረጋቸውም ከባዶ አይደለም። የቁርአኑ አማርኛ ዱንያን «ጨዋታና ዛዛታ» ይላታል፣ ዛዛታ የምትለዋን እኔ ከዚያ ውጭ ብዙም ሰምቻት አላውቅም፣ እዚያ ግን ቦታዋን ሞልታዋለች፣ «ዋዛ ፈዛዛ» ከምንለው ጋር የምትሄድ ይመስለኛል። የምታውቁ አርሙኝ።

የሸዋ በር ባለሱቅ፦

እኔ ዳይሱን አውጥቼ ብሸጠው ማን ይገዛኛል 😀

የሆጤዋ፦

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። የኛ ቤት ነገር እንዲህ አለቀ፣ ወንድሜ ሰሌዳውን ገልብጦ «ጀርባው ሌላ ጨዋታ አለው» ብሎ ሲያሳያቸው እባብና መሰላል ሆነ፣ እሱም ያለ ዳይስ አይሄድም፣ አባባ ሳቃቸው መጣ። ዳይሷን ኪሳቸው ከተው ልጆቹን ግቢ ይዘዋቸው ወጡ፣ መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ በማንኪያ ጉድጓድ ቆፈሩላቸው ጠጠር አስለቀሙና እስከ መግሪብ ገበጣ። እና አሁን የኔ ጥያቄ፣ አባባ እየተጫወቱ «ላም ወለደች» የሚባል ሌላ የገበጣ አይነት አለ አሉ፣ አጨዋወቱን ግን ረስተውታል። ከናንተ ውስጥ የሚያውቀው አለ? ለምንድን ነው ላሟ የምትወልደው?