ልጄ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ሊሠራ ነው፣ እኔም ተጠርቻለሁ፤ ምን ይዤ ልሂድ?

የናሆም እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የሚያውቅ ይርዳኝ። የ15 ዓመት ልጄ ከክፍል ጓደኛው ጋር "ዲስክ ጎልፍ" የሚሉት ጨዋታ ሜዳ በነፃ ሊሠራ ተመዝግቧል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ በእነሱ 8። ሜሪላንድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልጆቹ ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠየቃሉ። የእኔው ገና 31 ላይ ነው። ወላጅም ቢመጣ ደስ ይለናል ብለው ኢሜይል ላኩልኝ። "ረጅም ሱሪና ጓንት ይዛችሁ ኑ፣ ቅርጫት እንተክላለን፣ ቲ ፓድ እንሞላለን፣ የተፈጨ እንጨት እናነጥፋለን" ይላል። ቅርጫት ይተከላል እንዴ? ቲ ፓድስ ምንድን ነው? እኔ የማውቀው ጎልፍ በትንሽ መኪና እየዞሩ ኳስ የሚመቱበትን ነው። ለልጅ አደጋ የለውም ወይ? ሰዓቱስ በትክክል ይያዝለታል?

ደንቨር ነኝ፦
እህቴ፣ ቅርጫቱ የዳቦ ቅርጫት አይደለም። የብረት ምሰሶ ላይ ያለ፣ ከላዩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ነገር ነው። ተጫዋቹ ፍሪስቢ የመሰለች ዲስክ ይወረውራል። ሰንሰለቱ ይይዛትና ቅርጫቱ ውስጥ ትወድቃለች። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ቲ ፓድ የመጀመሪያው ውርወራ የሚወረወርበት መቆሚያ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮንክሪት። አንድ ሜዳ ብዙ ጊዜ 9 ወይም 18 ቅርጫት ይኖረዋል። አብዛኛው የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ገብቶ መጫወት በነፃ ነው። ስለዚህም ቁፋሮውና ምንጠራው በደቦ ይሠራል።

የሰንሰለቱን ቅርጫት ያመጣው ኤድ ሄድሪክ የሚባል ሰው ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1975 ተከፈተ። ሰውየው በ2002 ሲሞት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ እንዲሠራበት ተናዞ ነበር፣ ተሠራም። ፈረንጅ አያልቅበትም። እዚህ ከመምጣቴ በፊት እዚያው ሜሪላንድ ጀርመንታውን ነበር የምኖረው፣ ጌዘርስበርግ ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ሜዳ አለ። ከቅዳሜ በፊት ልጁን ይዘሽ ብታዪው ነገሩ ይገባሻል።

ቡና ጠጪ፦
የእኔ ልጅ የገዛ ጓሯችንን ሣር እጨድ ሲባል ወገቡን ያመዋል። የፓርክ ቁጥቋጦ ለመመንጠር ግን ይሮጣል። ደቦ እያላችሁ ደግሞ ስም አታሳምሩለት። ደቦ ጠላና ንፍሮ አለው።

ደንቨር ነኝ፦
ዶናት አለው። ቡናም ያቀርባሉ፣ ግን የናሆም እናት፣ ፔርሙስሽን ይዘሽ ሂጂ።

ግንበኛው (አሌክሳንድሪያ)፦
እኔ አዲስ አበባም እዚህም አርማታ ስሞላ ነው የኖርኩት። ባለፈው ዓመት አንድ ሜዳ ላይ ሦስት ቅዳሜ ረድቻለሁ። ጨዋታ ስለተባለ ቀላል እንዳይመስልሽ። ቲ ፓዱ 5 በ10 ጫማ ቢሆን፣ ውፍረቱ 4 ኢንች፣ ባለ 80 ፓውንዱን የተዘጋጀ ድብልቅ 28 ከረጢት ይበላል። ይኼ ውኃው ሳይቆጠር አንድ ቶን ያልፋል። ሚክሰር መኪና ደግሞ ሁሉም ጫካ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ጋሪ ትመላለሳላችሁ። ልጅሽ ከረጢቱን ብቻውን አያንሣ፣ ለሁለት ይያዙት።

ቅርጫቱ ሲተከል ግማሽ ሜትር ገደማ ጉድጓድ ይቆፈራል። ባዶ ቱቦ መሐሉ ይቆምና ዙሪያው በኮንክሪት ይሞላል። ሲደርቅ የቅርጫቱ ምሰሶ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ቱቦው ከተጣመመ ቅርጫቱም ዕድሜ ልኩን እንደተጣመመ ይኖራል፣ ስለዚህ ውኃ ልክ በሁለት በኩል ያዙበት። የቱቦውን አፍ በሚለጠፍ ፕላስተር ሸፍኑት። እኛ አንዱን ረስተን ኮንክሪት ገባበት፣ በማግሥቱ በመሮ ስንፈለፍል ዋልን።

ሌላው፣ የፓዱን ላይ እንደ ሳሎን ወለል እንዳታለሰልሱት። እኔ በሙያዬ ኮርቼ በግንበኛ ማንኪያ መስታወት አስመሰልኩት። አስተባባሪው አንዴ ፓዱን፣ አንዴ እኔን አየና ምንም ሳይናገር መጥረጊያ አቀበለኝ። ለካ ተጫዋቹ እየተንደረደረ ነው የሚወረውረው፣ ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትተዋል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይጫራል። አግድም ነው እንጂ በርዝመቱ አይደለም።

አስተባባሪውን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ ከቁፋሮው በፊት 811 ተደውሏል ወይ? ከተደወለ የጋዝና የመብራት መስመር ያለበትን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉበታል። ሳይደወል ዶማ የሚያነሣ ቡድን ከሆነ ልጁን ይዘሽ ተመለሺ።

ነርስ ሰ.፦
የናሆም እናት፣ እኔ የምፈራው ኮንክሪቱን ሳይሆን ቅጠሉን ነው። ፖይዝን አይቪ የሚባለው መርዛማ ተክል ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ የመሐለኛው አገዳ ረዘም ይላል። ዛፍ ላይ የወጣ እንደሆነ ሐረጉ ፀጉራም ገመድ ይመስላል። ዘይቱ ቆዳ ሲነካ ወዲያው ምንም አይሰማም፣ ቆይቶ ግን ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል። ቅጠሉ ረግፎ ሐረጉ ብቻ ቢቀርም ያው ነው። እንደነካችሁ ከጠረጠራችሁ ቶሎ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡ። ጓንቱም መቀሱም ይታጠብ፣ ልብሱ ለብቻው። ተቆርጦ የተከመረው ላይ ማንም እሳት እንዳይለኩስ፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

ከዚያ መዥገር አለ። ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ዓይነት ሜሪላንድ ውስጥ አለች። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ይክተት። ቤት ስትገቡ ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ፀጉር ውስጥ ፈልጊ። ከተገኘች በወረንጦ ቆዳው ጥግ ድረስ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ቅቤ መቀባት፣ ክብሪት ማስጠጋት የለም! እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ለከብት የምታደርገውን ለልጄ ልታደርግ ስትል ደረስኩባት።

ርጥብ ሲሚንቶም ያቃጥላል። ሲነካ ስለማያም ሰው ቸል ይላል። ጫማው ውስጥ ከገባ፣ ወይም ተንበርክኮ ሱሪው ከራሰ፣ አውልቆ በብዙ ውኃ ይታጠብ።

የሮክቪሏ፦
እትዬ፣ እኔ አሁን ኮሌጅ ነኝ፣ የእኔን 75 ሰዓት ግማሹን እንዲህ ነው የጨረስኩት። ድርጅቱ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው መሆኑን ሳይሄዱ አማካሪውን ይጠይቁ። ሄደው ከሠሩ በኋላ "ይኼማ አይያዝም" ከተባለ ንዴት ነው። ቅጹን ደግሞ እዚያው ቅዳሜ ያስፈርሙ። የሚፈርመው የሥራው ኃላፊ ነው፣ እናት አይደለችም። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ላስፈርም ብል አስተባባሪው ሌላ ስቴት ሄዷል፣ 8 ሰዓቴ እዚያው ቀረ።

ሞተር መጋዝ አዋቂዎች ናቸው የሚይዙት። ናሆም ቅርንጫፍ ጎታች ነው የሚሆነው። ዛፎቹ ላይ ሪባን ታስሮ ያገኛሉ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ሪባን ያለበት ይቆረጣል ብዬ አንዲት ለጋ ዛፍ ጣልኩ። ሪባኑ "ይቺን አትንኩ" ማለት ኖሯል። ዲስኩ እንዲዞራት ሆን ብለው የተዋት ዛፍ ናት። እስከ ማታ ድረስ የማንንም ፊት ማየት አልቻልኩም። የተፈጨውን እንጨት ስታነጥፉም ግንድ ሥር አትከምሩት፣ ልጡ ይበሰብሳል።

የናሆም እናት (እሑድ ማታ)፦
እንደምን አመሻችሁ። ሄድን፣ ተመለስን። 811 ተደውሎ ኖሯል፣ ሣሩ ላይ ቢጫና ቀይ ቀለም ተረጭቶ አይቻለሁ። 4 ቅርጫት ተተከለ፣ 2 ፓድ ተሞላ። ሮዝ ሪባን ቁረጥ ነው፣ ሰማያዊው አትንካ፤ ልጄ ጠይቆ ነው የጀመረው። ጋሼ ግንበኛው፣ መጥረጊያው ለእኔ ደረሰ። አግድም ጎተትኩት። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ "ይኼን የት ተማርሽ?" አሉኝ፣ ቤቴ አልኳቸው። ናሆም 6 ሰዓት ተፈረመለት፣ 37 ገባ። ከሥራው በኋላ ዲስክ ሰጥተውት ሲወረውር ሁለቴ ዛፍ መታ፣ በሦስተኛው ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ጮኸ። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንሄዳለን ብሏል፣ እኔን ሳይጠይቅ። መዥገር አንዲት አገኘሁ፣ የእኔው ካልሲ ላይ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጨርቅ ጓንት ላይ የደረቀ ሲሚንቶ በምን ይለቃል?

ግንበኛው፦
አይለቅም። ጣይው። ለሚቀጥለው የጎማ ጓንት ግዢ።