በግሩፕ ሆም ያሉ አረጋውያንን ከሰፈሩ ሰው ጋር ማገናኘት

የማታ ፈረቃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ፣ አሜሪካ የምሠራበት ግሩፕ ሆም (ድጋፍ የሚፈልጉ ሰዎች ከሠራተኛ ጋር የሚኖሩበት ቤት) አራት ነዋሪ አለው፤ ሁሉም ከ55 ዓመት በላይ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው። ዳውን ሲንድረም ያለበት አንደኛው የሚወደውን ቸርች እምቢ ማለት ጀምሯል። ደግሞ አራቱንም በቫን ጭኖ ሞል ማዞር "ኮሚዩኒቲ" ይባላል እንዴ?

ደጀ ሰላም፦ አይባልም። አራት ሆነው ሲወርዱ ሰው ዳር ቆሞ ያያቸዋል እንጂ አያናግራቸውም። አንድ ነዋሪ ከአንድ ሠራተኛ ጋር፣ በየሳምንቱ በዚያው ቀንና ሰዓት፣ እዚያው ቦታ ይሂድ። ሥራም ይኑረው፤ ወንበር መደርደር፣ ወረቀት ማደል። ሠራተኛው ትንሽ ፈንጠር ይበል። ቡናውን ሁልጊዜ ሠራተኛው ካዘዘለት፣ ባለሱቁ የሚለምደው ሠራተኛውን ነው።

ነርሷ፦ እምቢታውን "የጠባይ ችግር" ብላችሁ እንዳትመዘግቡት! ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ላይ አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ብዙ ጊዜ በ50ዎቹ ዕድሜ ይታያል፤ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ መመርመር ይመከራል። ግን ቀድሞ የጆሮ ኩክ፣ የዓይን ሞራ፣ ታይሮይድና ድብርት ይታዩ። በደንብ ለማይሰማ ሰው መዝሙሩ ጫጫታ ብቻ ነው። ለውጡንም ከራሱ የድሮ ችሎታ ጋር አወዳድሩ፣ ከሌላ ነዋሪ ጋር አይደለም።

ባለፋይሉ፦ በሜዲኬድ ዌይቨር (መንግሥት በማኅበረሰብ ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ በሚከፍልበት ፕሮግራም) የሚተዳደር ቤት ከሆነ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ደንብ ነዋሪው በፈለገው ሰዓት እንግዳ እንዲቀበል ይፈቅዳል። "የጉብኝት ሰዓት" የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ካለ ይነሳ። "ለብቻው የሚያወጣው ሠራተኛ የለም" ከተባላችሁ፣ ቀኑና ሰዓቱ በዓመታዊ ፕላኑ እንዲጻፍ ሲሲኤሱን (የነዋሪውን ፕላንና አገልግሎት የሚያስተባብረውን ባለሙያ) ጠይቁ። ያልተጻፈ ነገር ፈረቃ ሲጎድል መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።