ስለ ሳጅን ራፋኤል ፔራልታ የምታውቁ አላችሁ?

የሳንዲያጎዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜ ግሪን ካርድ አለው፤ ዜግነት ገና ነው። ሰሞኑን ማሪን (የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር) ካልገባሁ ብሎ አስቸግሮናል። ምክንያቱ ፔራልታ የሚባል ስደተኛ ወታደር ነው። «እሱ ከገባ እኔን ማን ይከለክለኛል?» ይለኛል። በስሙ የጦር መርከብ እንዳለ ብቻ ነው የማውቀው። ሰውየው ምን ሠርቶ ነው? ትልቁን ሜዳሊያ ተከለከለ የሚባለውስ እውነት ነው?

የቀበና ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ ራሴ ማሪን ነበርኩ። የፔራልታን ስም ያልሰማ ማሪን ማግኘት ይከብዳል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍልሽ።

በ1979 ሜክሲኮ ሲቲ ተወለደ። ሃይስኩል የጨረሰው እዚያው እናንተ ከተማ፣ ሞርስ ነው። በ2000 ግሪን ካርዱ እንደደረሰው ወዲያው ተመዘገበ። ዜግነቱን ያገኘው በአገልግሎት ላይ እያለ ነው። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የአሜሪካ ሕገ መንግሥትና የቡት ካምፕ (የምልምል ሥልጠና) ሰርተፊኬቱ ተሰቅለው ነበር። በዚያ ዕድሜ የኔ ግድግዳ ላይ የነበረው አርሰናል ነው!

ኖቬምበር 15 ቀን 2004፣ ኢራቅ፣ ፋሉጃ። ቤት ለቤት አሰሳ ላይ ናቸው። እሱ የግድ መግባት አልነበረበትም፤ ሰው ስላነሳቸው በፈቃዱ ነው አብሯቸው የገባው። አንዱን በር ሲከፍቱ ተኩስ ጠበቃቸው። ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ የእጅ ቦምብ ተወረወረ፤ እሱ ቦምቡን ወደ ራሱ ስቦ በሰውነቱ ሸፈነው። እሱ ሞተ፤ ጓዶቹ ተረፉ።

ማሪኖች ለትልቁ፣ ለክብር ሜዳሊያ አጩት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጌትስ ግን በ2008 የባሕር ኃይል መስቀል ይሰጠው አሉ፤ በደረጃ ሁለተኛው ማለት ነው። ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት አውቆ እጁን ሊዘረጋ አይችልም ነበር የሚል ጥርጣሬ አንስተው ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የመስቀሉ ምስክር ወረቀት ራሱ ሳያመነታ ቦምቡን ወደ ራሱ ሳበ ይላል። ታዲያ የቱን እንመን? እናቱ አልቀበልም ብላ ዓመታት ቆየች። የተቀበለችው በ2015 ነው። መርከቡ በ2017 አገልግሎት ጀመረ፤ በኋላ ወደ ጃፓን፣ ዮኮሱካ ተዛወረ።

ታዛቢ፦
አንድ ነገር አትዝለሉ። በ2014 አብረውት የነበሩ ሁለት ማሪኖች ታሪኩ ተጋንኗል ብለው ለዋሽንግተን ፖስት ተናግረዋል።

የቀበና ልጅ፦
አንብቤዋለሁ። እዚያው የነበሩ ሌሎች ደግሞ ዓይናችን አይቷል ብለው እስከ መጨረሻው ጸንተዋል። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ። ደግሞስ ውሸት ነው ብንል፣ መግባት የሌለበት ቤት በፈቃዱ መግባቱን ማን ይክደዋል?

የወታደር እናት፦
የኔ ልጅ፣ ክርክሩን ለነሱ ተዪላቸው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግባት ይችላል፤ መኮንን ለመሆን ግን ዜግነት ያስፈልጋል። ብዙ የሥራ መደቦችም ያለ ዜግነት አይከፈቱለትም። አራት ዓመት ብቻ ነው ቢሉት ደግሞ አይሸወድ፤ ከተጠባባቂው ጋር በጠቅላላው ስምንት ዓመት ነው። ሪክሩተሩ በአፍ የነገረው ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሲፈርም አንቺም አብረሽው ሂጂ።