የሁለት ወር ደመወዝ ተቀብዬ ልፈርም ወይስ ልክሰስ? (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ የምግብ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄ ታሞብኝ ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ቀርቼ ስመለስ፣ የበሩ ጥበቃ «ስምሽ ተሰርዟል፣ አትገቢም» አለኝ። ደብዳቤ የሰጠኝ የለም። የሐኪሙን ወረቀት ለፈረቃ ኃላፊዬ ሰጥቻለሁ፤ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለከትኩና ለማስማማት ጠሩን። አስማሚው ክፉ ሰው አይደለም። ግን «ምን ሆነሽ ቀረሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ «ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ቀነስ አድርጉ» ነው ነገሩ ሁሉ። የድርጅቱ ሰው ደግሞ ወረቀቱን አስተይቦ ነው የመጣው፦ «በራሴ ፈቃድ ሥራ ስለለቀቅሁ የሁለት ወር ደመወዝ ተቀብዬ ከድርጅቱ ምንም ዓይነት ጥያቄ የሌለኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ»። ስሜ እስከ አያቴ ተጽፎበታል፣ እስክሪብቶው ላዩ ላይ ተጋድሟል፣ እኔ ገና አፌን አልከፈትኩም!

ብሩ ያስፈልገኛል፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። ግን እኔ አልለቀቅሁም፣ ተባረርኩ እንጂ። ሰኞ ተቀጥረናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሐረጎ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ ሆኜ ብዙ ሰው አጅቤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱ ቀድሞ ተተይቦ ሲመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011ን አንብቢው። በመቅረት ለማባረር በስድስት ወር ውስጥ አምስት የሥራ ቀን ያለበቂ ምክንያት መቅረት፣ እሱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ መሆን አለበት። የስንብቱ ምክንያትም በጽሑፍ ይሰጣል፤ በጥበቃ አፍ አይነገርም።

ሁለት ወር ያሉሽ እኮ ላንቺ የሥራ ዘመን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያው (ቀድሞ ሳይነገርሽ ስለተሰናበትሽ የሚከፈለው) ብቻ ነው! ስንብቱ ከሕግ ውጭ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለስሽ፣ በዚያ ላይ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ አለ። የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ ላንቺ 80 ቀን ይመጣል። «በፈቃዴ ለቀቅሁ» ብትይ እንኳ አምስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ ይህን አያጣም። እነሱ አንዱንም አላነሱልሽም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አቤቱታሽ በጽሑፍ ነው የገባው? መዝገብ ቁጥር ይዘሻል? ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል (ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይዘጋል)፤ የክፍያው በስድስት ወር። በቃል ብቻ ተነጋግራችሁ ከሆነ «ሰኞ፣ ሐሙስ» ሲሉሽ ጊዜው ያልፍብሻል።

ከሸዋበር፦
ልጄ፣ የወንድሜ ምክር እውነት ነው፤ ግን እርቅን አትጥይ። ወረዳ ፍርድ ቤት በ60 ቀን ይወስን ቢባልም ይግባኝ አለ፤ እስከዚያ ልጅ ይርበዋል። ገንዘቡን ከፍ አስደርገሽ፣ «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን አሰርዘሽ ብትስማሚ ነውር የለውም። የሥራ ልምድ ማስረጃሽንም እዚያው ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ጠያቂዋ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። አቤቱታው በጽሑፍ ነው የገባው፤ ቁጥሩን ነገ ጠዋት ከመዝገብ ቤት እወስዳለሁ። ሰኞ 80ውን ቀንና የማስጠንቀቂያውን ክፍያ ለይቼ እጠይቃለሁ። ካሳው ላይ ብንደራደር ግድ የለኝም፤ «ለቀቀች» የሚል ወረቀት ላይ ግን አልፈርምም። የሐረጎ ልጅ፣ ጊዜ ካለህ አብረኸኝ ትገባለህ?

የሐረጎ ልጅ፦
እገባለሁ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አሳትመሽ ያዢ።