አስቸኳይ፦ ሐቅና አስተያየት መለየት አቃተኝ፤ የቤት ሥራው ነገ ጠዋት ይሰበሰባል

አንባቢው፦
ወገኖች ድረሱልኝ። የምንባቡን ዓረፍተ ነገሮች «ሐቅ» እና «አስተያየት» ብዬ ልከፍል ነው። እነዚህ ቀሩኝ፦
1. ኤቨረስት 8,849 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ከተራሮች ሁሉ እጅግ አስደናቂው ነው።
2. የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ በዓይን ይታያል።
3. ፕሉቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፕላኔትነት መሰረዙ ተገቢ አልነበረም።
ሌላውን ቁጥር ካለው ሐቅ፣ «ይመስለኛል» ካለው አስተያየት ብዬ ጨርሻለሁ። 3ኛው ዓመት ስላለው ሐቅ ነው አይደል?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ጨረስኩ ያልከውንም መልሰህ እየው። ጸሐፊ አስተያየቱን ሲያስገባ «ይመስለኛል» ብሎ ማስታወቂያ አይለጥፍም። «ተገቢ»፣ «አሳፋሪ»፣ «ይሻላል»፣ «ሊሆን ይገባል» የሚሉትን አስምርባቸው። ትንንሾቹን አትለፍ፦ «500 ሰው ተገኘ» ተቆጥሮ ይጣራል፤ «500 ሰው ብቻ ተገኘ» ሲል ግን «ብቻ» አነሰ ብላ ፈርዳለች። «ተናገረ» እና «ቀባጠረ»ም እንደዚያው።

ሰማይ ጠቀስ፦
2 ውሸት ስለሆነ አስተያየት ነው። አለቀ።

ነጥብ በነጥብ፦
ኧረ አላለቀም! ውሸት መሆንና አስተያየት መሆን ለየቅል ናቸው። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪ.ሜ. ትርቃለች፤ ግንቡ ቢረዝምም ስፋቱ ጥቂት ሜትር ስለሆነ ከዚያ ርቀት በዓይን አይለይም። ተጣርቶ ውድቅ ሆነ ማለት ነው። አስተያየት ቢሆን ኖሮ በምን ታጣራው ነበር? ያለህ ሁለት ዓምድ ብቻ ከሆነ ሐቅ ከሚለው ሥር አስገባና አጠገቡ «ስሕተት» ብለህ ጻፍ።

እንቅልፍ አጣ፦
«ነገ የሚሰበሰብ የቤት ሥራ በሌሊት መጀመር ብልህነት ነው።» ይቺስ በየትኛው ዓምድ ትግባ?

ዋርካው፦
ለመሆኑ ሁለት ዓምድ ይበቃል ያለው ማነው? «ፕሉቶ ፕላኔት ነው» የሚለውን ቴሌስኮፕ አይፈታውም። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2006 «ፕላኔት» ለሚለው ቃል ትርጉም ሲያበጅ ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ተባለ፤ ሰማይ ላይ ያለው አካል ግን ያው ነው። የትርጓሜ ጥያቄ የራሱ መደብ ነው። ሌላም አለ፦ «ተመራማሪዋ መጽሐፉ ደካማ ነው አሉ» ሲል፣ ማለታቸው ሐቅ ነው፤ ያሉት ግን አስተያየት። ጋዜጣ ላይ ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም

አንባቢው፦
ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለነገ አይደርስም! 1 እና 3ን ብቻ!

ቀይ እስክሪብቶ፦
1ን «፤» ላይ ቁረጠው፤ ፊተኛው ሐቅ፣ ኋለኛው አስተያየት። ቻይናና ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረጉት ልኬት 8,848.86 ነው፤ የቆየ መጽሐፍ 8,848 ቢል አትደንግጥ። 3ም ሁለት ነገር ነው፦ መሰረዙ ሐቅ፣ «ተገቢ አልነበረም» ፍርድ። ግን የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ፍርዱ ስለሆነ፣ መቁረጥ ካልተፈቀደ አስተያየት በለው።

ሰማይ ጠቀስ፦
ምን ያደክማችኋል፣ «ይመስለኛል» ያለበትን መፈለግ ነው።

ነጥብ በነጥብ፦
ከላይ ያለውን አንብበሃል?