የጣና ዳር አባቶች ቀጥ ብለው መቆም ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ እያሉ ላነሳቸው እሻለሁ

ጥያቄ፦ ባለ ፎቶ ቤቱ (ባሕር ዳር)

ውድ የሙያ አጋሮቼ፣ ከባለቤቴ ጋር ሆነን በባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ከፍተን መሥራት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። የምንተዳደረው በሰው ፊት ነው። መስከረም ላይ ተማሪው ለምዝገባ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ይሰለፋል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሰርጉ እርስ በርሱ ይደራረባል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀናት ሙሽራ የሚባል ስለማይታይ የቤት ኪራዩን የሚከፍልልን ያው ጉርድ ፎቶው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሙሽሮች ይመለሳሉ፤ አዲሱ የዐባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ እዚያ ሄዶ ያልተነሳ ሙሽራ ያገባ አይመስለውም። ክረምቱ ሲቃረብ ተመራቂው ገዋኑን ለብሶ፣ ወላጆቹን አስከትሎ ይመጣል። ባለቤቴ ቀን ቀን ደንበኛ ትቀበላለች፣ ፎቶ ትቆርጣለች፣ ሒሳብ ትይዛለች፤ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ፊት እንቀመጣለን። ሳልሸሽግ ልናገርና፣ ከማታው ሥራ ትልቁን ጊዜ የሚወስደው «ትንሽ ቀላ አድርገህ አውጣኝ» የሚለው የደንበኛ ትእዛዝ ነው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ማንም ያላዘዘኝን፣ የራሴ የምለውን ሥራ ጀምሬአለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ጣና ገና ነፋስ ሳይነሳበት፣ ወደ ደብረ ማርያም ወይም ወደ ዘጌ እሄድና ደንገል (ሐይቅ ዳር የሚበቅለውን ሸምበቆ መሰል ተክል) አስረው ታንኳ የሚሠሩ አባቶችን፣ ቡና ለቅመው የሚያሰጡ እናቶችን አነሳለሁ። የምመኘው ሰውየው እኔን ረስቶኝ ሥራው ውስጥ እንደ ገባ ያለውን ፊት ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ ካሜራውን ሳወጣ ሥራው ይቆማል። ባለፈው ወር አንድ አባት የያዙትን ደንገል መሬት ላይ ጥለው ወደ ቤታቸው ገቡ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ስጨነቅ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ጫማ አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው ወጡና በራቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጣቶቻቸው ላይ የደንገሉ አረንጓዴ እድፍ እንዳለ ነበር። ወደ ጎን ዞር እንዲሉልኝ ብለምናቸው «እኔ ይሁዳ ነኝ እንዴ?» ብለው እምቢ አሉኝ። እኔም ስቄ አለፍኩት እንጂ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ፎቶው ራሱም አልሆነልኝም፤ ጋቢው ሲያምር ፊታቸው ጠቁሮ ጠፍቷል፤ ፊታቸውን ላወጣ ስሞክር ጋቢው ነጭ ወረቀት ይሆናል።

በቤትም በኩል ቅሬታ አለ። ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ለጎረቤት «አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው አያት ሊያነሳ ይሄዳል» ስትል ሰማኋት። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን ከነገር ይከብዳል። ገቢ የሌለውን ሥራ ቤተሰብ ሳይጎዳ እንዴት ትይዙታላችሁ? ሰዉንስ እንዴት ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ?

ምላሽ፦ ነባሩ

በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ብልህ አትቀየመኝ። እኔ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በፊልም ዘመን ነው። በአንድ ጥቅል 120 ፊልም የሚወጣው 12 ፎቶ ብቻ ስለነበር አንዱን ጠቅ ከማድረጌ በፊት የደንበኛውን አንገትጌ፣ የነጠላውን ጥለት፣ የእጁን አቀማመጥ ሁሉ አስተካክል ነበር፤ ደንበኛውም እንዲሁ ከቤቱ ተዘጋጅቶ ይመጣ ነበር። አንተን ያስቸገረህ ነገር ያኔ የሥራችን ግማሽ ነበር።

የአባትየውን መልስ ሳትጠይቅ ማለፍህ ግን ቆጭቶኛል። ዘጌ ድረስ እየሄድህ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ ግድግዳውን አላየህም ማለት ነው? በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቁ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣንና ክፉ አድራጊው ሁሉ ከጎን፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። ያንን ግድግዳ እያዩ ያደጉ ሰው «ወደ ጎን ዙር» ሲባሉ የሚሰማቸውን አስበው። አንተ ስለ ብርሃን ትናገራለህ፤ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። ቀጥ ብሎ የመቆሙም ነገር ቢሆን ከሜዳ የበቀለ አይደለም። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ያነሷቸውን ፎቶዎች ተመልከት፤ የተከበረ ሰው የሚነሳው እንደዚያ ሆኖ ነው፤ ያ አቋቋም ከግቢ ወጥቶ በየፎቶ ቤቱ የገባ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በሥራ ዘመኔ በሌሊት የተንኳኳብኝ በር ሁሉ የለቅሶ ነበር። ዘመዶች የሟቹን መታወቂያ ይዘው ይመጣሉ፤ «በጠዋት ለቅሶው ላይ የሚያዝ ነው፣ አሳድግልን» ይላሉ። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው፣ ልጆች ድሮ የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ ያለው ፎቶ ማኅተም ያረፈበት አንዲት ጉርድ ብቻ ናት። ማኅተሙ አገጩ ላይ ይሆናል፤ እርሱን በብሩሽ ስሸፍን አድር ነበር። አባትየው ጋቢ የደረቡት ለአንተ አይደለም። ያንን ፎቶ ደረቷ ላይ አድርጋ የምታለቅስ ልጃቸውን አስበው ነው የለበሱት፤ አንተ ግን የመጣኸው ደንገል ሲያስሩ ልታነሳ ስለሆነ ነገሩ አልተገጣጠመም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ የእሳቸውን ፎቶ አንሳ፤ በደንብ አሳጥበህ፣ በወረቀት፣ በእጅህ ይዘህ ሂድ። በስልክ ማሳየት መስጠት አይደለም። የአንተን ፎቶ ከዚያ በኋላ ታገኛለህ።

ምላሽ፦ ብርሃን ቆጣሪ

እኔ ስለ ጋቢው ብቻ ልናገር። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ እንዲሆን አድርጎ ነው የሚለካው፤ ክፈፉን ነጭ ጋቢ ከሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ስለሚቀንስ ፊት ይጠቁራል። መለኪያውን ወደ ነጥብ መለኪያ (ከክፈፉ አንዲት ትንሽ ቦታን ብቻ ወደሚለካው) ቀይረው ጉንጫቸው ላይ ይለኩ። በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሱ እንጂ በተጨመቀው በጄፔግ ብቻ አይተማመኑ፤ የጋቢው ጥለትና ሽመና በጄፔግ አንዴ ከነጣ አይመለስም።

ዋናው መፍትሔ ግን ካሜራው ውስጥ አይደለም። ጠይም ፊት ውበቱ የሚወጣው ብርሃን ሲበዛበት ሳይሆን ሰፊ ብርሃን ከጎን መጥቶ ግንባሩና ጉንጩ ላይ ሲያርፍ ነው። ሰውየውን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አስገብተው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ቢያዞሩ፣ ሰማዩና ውሃው አንድ ላይ ሆነው ትልቅ መስኮት ይሆኑልዎታል። ጥላ ያለበትን ጎን በተዘረጋ ነጭ ነጠላ ይመልሱት፤ ከየትኛውም የተገዛ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) አያንስም። ሌንሱም ከ85 ሚሊሜትር ባይወርድ ይመረጣል፤ በሰፊ ሌንስ ተጠግተው ሲያነሱ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል።

በነገራችን ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ በሚያዝያ 12 አካባቢና በነሐሴ 17 አካባቢ በቀትር ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የፋሲካ ማግስት ሰርጎች በብዛት የሚውሉት በመጀመሪያው ሰሞን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ ያቆሟት ሙሽራ ዓይኗ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቢወጣ ጥፋቱ የሜካፑ አይደለም፤ ዋርካ ሥር ያስገቧት።

ምላሽ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ፎቶ አንሺ

ወንድማችን፣ ስለ ቤትዎ የጻፉትን ነባሩም ብርሃን ቆጣሪም ዘለውታል፤ ስለዚህ እኔ ልመልስ።

ሁለተኛዋ ልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ያነሳኋት እኔው ራሴ ነበርኩ። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት በሁለት ሃርድ ዲስክ እገለብጠው ነበር። የራሴ ስለሆነ «ነገ» አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ ሳምንቱ ሞልቶ የእሑዱ ሰርግ ደረሰ፤ በጠዋት ጥድፊያ ካርዱን ፎርማት አድርጌ ሙሉ ሰርግ ደረብኩበት። ባይደረብበት ኖሮ በፕሮግራም ይመለስ ነበር፤ እኔ ግን የቀረ ቦታ አላስተረፍኩም። ዛሬ ከዚያ ቀን ያለኝ አክስቷ በስልክ ያነሳቻቸው አራት ፎቶዎች ናቸው፤ በሦስቱ ውስጥ እኔ ካሜራ ይዤ ጀርባዬን ሰጥቼ እታያለሁ። ለዚህ ማንንም የምወቅስበት የለኝም፤ ለደንበኛ የማደርገውን ለቤቴ አለማድረጌ ነው።

ስለዚህ ለቅዳሜው ሥራዎ የሚሆን ጊዜ ከልጆቹ አይውሰዱ፤ ከ«ቀላ አድርገኝ» ይውሰዱ። እኔ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ቆዳ ማቅላት ካቆምኩ ቆይቷል። ሽፍታ አጠፋለሁ፣ የዓይን ሥር አቀላለሁ፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ተጨማሪ ይከፍላል ብዬ ዋጋ ለጠፍኩ፤ ሰዉ ዋጋውን ሲያይ ጠይምነቱ አልከፋውም። በሳምንት ሦስት ማታ ነው የተረፈኝ። ሰርግ ላይ ደግሞ ያለ ቀብድ ቀን አይያዙ፤ ባዶ ቀጠሮ ስንት ቅዳሜ እንደሚበላ ያውቁታል።

ልጅቱን አልፎ አልፎ ይዘዋት ይሂዱ የሚል ሰው አይጠፋም። ይዘዋት ይሂዱ፤ ነገር ግን ሥራ ይስጧት። ዝም ብላ እንድትጠብቅዎ ከወሰዷት ሁለተኛ አትመጣም። ባለቤትዎንም ይጠይቋቸው፤ ዝም ያሉት ስለ ቅዳሜው ነው ወይስ ሁሌም ፎቶ ቆራጭ ሆነው ስለቀሩ? የእኔ ባል ካሜራ ሲይዝ ያየሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ሕፃናትን የሚያነሳ ሆኖ አገኘሁት፤ እስካሁን ትንሽ ያናድደኛል።

ምላሽ፦ ከዳር ተመልካች

የነባሩን አስተያየት ባከብርም ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው በአዲስ ይተካል፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ያለው በታንኳው ሳይሆን በሠሪው እጅ ነው። እንጨት ጭኖ ከዘጌ ወደ ከተማ በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በሞተር ጀልባው መካከል እየቀነሰ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። ሁሉም ሰው ጋቢ ለብሶ በር ላይ ከቆመ፣ ደንገሉ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ገመዱ በየትኛው ጣት እንደሚወጠር የሚያሳይ ፎቶ ከየት ይገኛል? ክብር በፊት ብቻ አይደለም፤ በእጅም አለ። ሳይፈቀድልዎ አያንሱ እንጂ የፈለጉትን ፎቶ መፈለግዎን አይተዉ። ገንዘብ ከጠየቁዎትም አይቀየሙ፤ የቱሪስት ካሜራ ሲከፍል አይተዋል፣ የአንድ ጠዋት ሥራም አስፈትተዋቸዋል።

ከጠያቂው፦ ባለ ፎቶ ቤቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ግድግዳውን አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ግን እንደ ፎቶ አንሺ፣ የቀለሙንና የመስኮቱን ብርሃን እየለካሁ ነበር። ተመልሼ ሄጄ ይሁዳን ፈለግሁት፤ እንዳሉት በአንድ ዓይኑ ነው። እህቴ፣ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ መልሷ የቅዳሜ ጉዳይ አልነበረም። በመጪው ወር ጉርድ ፎቶውን ሁሉ እርሷ ታነሳለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። ለማቅላትም ዋጋ ለጥፈናል፤ እስካሁን ሁለት ሰው ተቆጥቶ ወጥቷል፣ አንዱ ተመልሷል።

የአባትየውን ፎቶ በ20 በ30 ሴንቲሜትር አሳጥቤ፣ ልጄን አስከትዬ ባለፈው ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። ፊታቸው በከፊል የጠቆረው ያው ፎቶ ነበር፤ የቻልኩትን ያህል አስተካክዬዋለሁ። በሁለት እጃቸው ጫፍና ጫፉን ይዘው ብዙ ቆዩ። ልጄ «ደስ አላቸው» ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እሳቸው ግን ቀና ብለው «ጭራዬ የታለ?» አሉኝ። አየሁት፤ ጋቢውን እንጂ ጭራውን ልብ ስላላልኩ ጫፉ በክፈፉ ጠርዝ ተቆርጧል። «እጀታውን ብቻ ይዤ የቆምኩ ሰው አስመሰልከኝ» ብለው ፎቶውን ለሚስታቸው ሰጡና፣ እየተቆጡኝ ሄደው በጅምር የተዉትን ታንኳ ማሰር ቀጠሉ። ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው፣ በአውራ ጣታቸው ደንገሉን ጫን ሲያደርጉ ሦስት ፎቶ አነሳሁ። አንዴ አዩኝና ቁጣቸውን ቀጠሉ።

የፊታችን ቅዳሜ ጭራው ሳይቆረጥ ደግሜ ላነሳቸው ቀጠሮ ይዘናል። ነጠላውን የምትዘረጋው ልጄ ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ግቢ ውስጥ የአያቷን ነጠላ ይዛ ብርሃን ስትመልስ ትውላለች።