ቲማቲም ማቆያ ሳጥን ከከሰል ፍርፋሪና ከአሮጌ አልጋ፦ አዳማ ላይ የሠራ አለ?

የጉልት ልጅ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እዚህ አዳማ በራችን ላይ አትክልት ትሸጣለች። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ሽንኩርት። ቲማቲሙን የምታመጣው በሳጥን ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላው መለስለስ ይጀምራል። የለሰለሰውን ለይታ በርካሽ ትሰጣለች። ትርፏ እዚያው ያልቃል።

ፍሪጅ አለን፤ ግን ትንሽ ናት፣ የቤቱንም አትችል። መብራትም ይሄዳል። ግድግዳው በከሰል የሚሠራ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሳጥን እንዳለ ሰምቼ ልሠራው አሰብኩ። እጄ ላይ ያለው አሮጌ የብረት አልጋ፣ ፓሌት፣ ቁራጭ ቆርቆሮ፣ ጀሪካንና ባዶ የቲማቲም ሳጥኖች ናቸው። ከሰል የምትሸጥ ጎረቤታችን ከጆንያው ሥር የሚቀረውን ፍርፋሪ በነፃ ውሰድ ብላኛለች።

በእውነት ይሠራል ወይ? ግድግዳው ምን ያህል ይወፍር? የትስ ይቀመጥ? በእጁ የሠራ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።


ሰፈርተኛ (አዳማ)

ውሃ በየቀኑ ይመጣላችኋል? እኛ ጋ በፈረቃ ነው። መጀመሪያ እሱን አስብበት።


የጉልት ልጅ (አዳማ)

እኛም በፈረቃ ነው። ግን በርሜል አለን።


ብረትና እንጨት (አዳማ)

ወንድሜ፣ ይሠራል። ለባለቤቴ ሻይ ቤት ሠርቼላት እስከ ዛሬ እየተጠቀመችበት ነው። የእኔ ብረት ከቆራሌ በኪሎ የገዛሁት የተሰባበረ የተማሪ ወንበር ነበር። ያንተ አልጋ ከዚያ ይሻላል።

ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ብዙ ሰው ከሰሉ የሚያቀዘቅዝ ይመስለዋል። የከሰሉ ሥራ ውሃ መያዝ ብቻ ነው። የሚያቀዘቅዘው የውሃው መትነን ነው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት፣ 7 ኪሎ ያህል በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘውም እንስራው ስለሚያልበው ነው። በጅቡቲ መንገድ የሚሄዱ ሹፌሮች ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከመኪናው ጎን የሚያንጠለጥሉት ለዚሁ ነው።

ስለዚህ የምትፈልገው ደረቅ አየር፣ ነፋስና ጥላ ነው። አዳማ በበጋ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በነፃ ይሰጥሃል። ከከተማው ጫፍ ቆመው በመጀመሪያው ዙር 51፣ በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች እዚህ የመጡት ነፋሱ ስላለ ነው። ጥላውን ግን አንተ ታመጣለህ። ፀሐይ የሚያርፍበት ሳጥን ውሃህን ይጨርስና ውስጡ ሞቃት ሆኖ ይቀራል። ከቤቱ ጥግ አታስጠጋው። ቀጭን ላስቲክ ገመድ ላይ አስረህ ግቢው ውስጥ ስቀልና ነፋሱ ከየት እየመጣ የት እንደሚያልፍ እይ። እዚያ ላይ አቁመው፤ ዛፍ ሥር ከሆነማ በጣም ጥሩ።

መጠኑን ከቲማቲም ሳጥኖችህ ጀምር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና ለካ፤ እጅህ እንዲገባ በየጎኑ አራት ጣት ጨምር። የውስጡ ስፋት እሱ ነው። ቁመቱ ለሁለት ደርብ ይብቃ። እንዲህ ካደረግክ መደርደሪያ መሥራት አይጠበቅብህም፤ ሳጥኖቹ ራሳቸው መደርደሪያ ይሆናሉ። በጣውላዎቹ መሃል ክፍተት ስላለም አየር ያልፍባቸዋል። እግሩን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገው፤ ነፋስ ከሥርም ይለፍ። መበየጃ ከሌለህ በቡሎን እሰረው።

ግድግዳው ድርብ የሽቦ መረብ ነው። በሁለቱ መሃል 10 ሴንቲሜትር ተው፤ ከሰሉ እዚያ ይሞላል። ገንዘብ የምታወጣው ለዚህ ሽቦ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ አትቆጥብ። ቀን ከሌት እርጥብ ስለሚሆን ዝገት የሚችል፣ ዚንክ የተነከረ ይሁን። የውስጡንና የውጩን መረብ በየስንዝሩ በቀጭን ሽቦ አያይዛቸው። የራሰ ከሰል ይከብዳል። ካላያያዝከው ግድግዳው ሆድ አውጥቶ ይፈርሳል።

ፍርፋሪውን በወንፊት ንፋ። ከአተር የሚያንሰውን አውጣው። ዱቄት የበዛበት ግድግዳ ጭቃ ሆኖ ነፋሱን ይዘጋዋል፤ ነፋስ ያላለፈበት ከሰል ደግሞ እርጥብ ከሰል ብቻ ነው። በእንቁላል መጠን ከሚሆነው የሚበልጠውን ስበረው።

ለውሃው አንድ ጀሪካን ጣሪያው ላይ አስቀምጥ። ከእሱ ቀጭን ቱቦ አውርደህ በግድግዳዎቹ አናት ላይ ዙሪያውን አዙረው። ቱቦውን በጋለ መርፌ በየአራት ጣቱ ብሳው። ከግድግዳው ሥር ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ አስተኛ፤ የሚንጠባጠበውን ሰብስቦ ወደ ባልዲ ይመልሳል። እሱን መልሰህ ላይ ትሞላለህ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህቺ ቧንቧ ትልቅ ነገር ናት። ለዚህ መጠን በበጋ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ያዝለት፤ ነፋሱ ሲበረታ ጨምር። ሳሙና የሌለበት የአትክልት ማጠቢያ ውሃም ይሆናል።

ጣሪያው ላይ ቆርቆሮውን ብቻውን አትክደን። ቆርቆሮ ይግላል። ከሥሩ ሣር ወይም ገለባ አነጥፍ፤ ዙሪያውንም ክንድ ያህል አውጣው።


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው። እኔ የምኖረው ሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳልርቅ ነው። በበጋ በደንብ ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ግድግዳው እንደራሰ ይውላል፣ ውሃው አይቀንስም፣ ውስጡም አይበርድም። አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቧላ። እናንተም ክረምት ላይ ይህን ትቀምሳላችሁ።

ብረት ከመቁረጥህ በፊት የምትሞክረው ቀላል መንገድ አለ። ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ፈልግ። የአንዱን ጫፍ በራሰ ጥጥ ጠቅልል። ሁለቱንም ሳጥኑ ሊቆም ባሰብክበት ቦታ፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ ባለበት ስቀላቸው። ትንሽ ቆይተህ አንብብ። የእርጥቡ ቁጥር የሳጥንህ የመጨረሻው ቅዝቃዜ ነው፤ ምንም ብትለፋ ከዚያ አይወርድም። አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ቢሆን እርጥቡ ወደ 18 ይወርዳል። እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን 27 አካባቢ ይቆማል። ሁለቱ ቴርሞሜትሮች በሰፊው ከተራራቁ ያለ ሐሳብ ሥራው።


የጉልት ልጅ (አዳማ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ሐይቅ ዳርም ተባረክ፣ የቴርሞሜትሩን ነገር ነገ እሞክረዋለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ለበሩና ለጣሪያው የፓሌት እንጨት ብጠቀም ችግር አለው? ከሰሉ ካነሰኝ አንዱን ጎን በማዳበሪያ ከረጢት ብሸፍነውስ? ግቢያችን ጉንዳን አለ፣ እሱንስ ምን ላድርገው?


ብረትና እንጨት (አዳማ)

ጥሩ አድርገህ ጠየቅክ። በጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለን ፓሌት እዚህ አይጠፋም። ግን ማኅተሙን ሳታይ መጋዝ አታሳርፍበት። እንጨቱ ጎን ላይ በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከተቃጠለበት በሙቀት የታከመ ነው፣ ያለ ስጋት ተጠቀምበት። «ኤም ቢ» የሚል ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል ተባይ ገዳይ ጋዝ የታጠነ ነው። እሱን ምግብ ካለበት አርቀው፣ ማገዶም አታድርገው። ማኅተም ኖሮትም ዘይት የፈሰሰበት ወይም የኬሚካል ሽታ ያለው ከሆነ ተወው። እንጨት ሌላ ታገኛለህ።

የማዳበሪያ ከረጢቱን ፈጽሞ አታስብ። ፕላስቲክ ነው፣ ውሃ አይጠጣም። ነፋሱንም ይከለክልብሃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ነገር ሰው ከሚበላው አጠገብ መድረስ የለበትም፤ ቢታጠብም። ከሰል ካነሰህ የቡና የቃጫ ጆንያ ፈልግና ሦስት አራት እጥፍ አድርገህ በዚያ ጎን ስቀለው። እሱ ውሃ ይጠጣል። ቶሎ ስለሚበሰብስ ግን በየጊዜው ትቀይረዋለህ።

ለጉንዳኑ አራቱን እግሮች በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ አቁምና ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምነህ ሁለት ጣት ያህል ጨምርበት። ውሃ አታድርግበት። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ ሰፈራችን ደግሞ ወባ የሚያውቅ ሰፈር ነው። በዚሁ ምክንያት ባልዲውንና ላይ ያለውን ጀሪካን ሁልጊዜ ክደናቸው።

በሩን ነፋስ በማይመታው ጎን አድርገው። እሱም እንደ ግድግዳው ከሰል ይኑረው። ማጠፊያ አትግዛ። ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ወፈር ያለ ቁራጭ ቁረጥና በሰፊ ራስ ሚስማር ምታው፤ ዝገት አያውቅም። ከዚያው ጎማ ቀጠን አድርገህ የበሩን ዙሪያ አልብሰው፣ ሲዘጋ ጥብቅ ይላል።


የጓዳ ሰው (አዳማ)

ልጄ፣ እናትህን ስለምታስብላት ተባረክ። እኔ ስለሚገባውና ስለማይገባው ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሳጥኑ አምሮ አትክልቱ ሊበላሽ ይችላል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይግቡ። እነሱ የሚወዱት ደረቅና ነፋሻ ቦታ ነው። እርጥበት ሲያገኙ ያበቅላሉ፣ ይበሰብሳሉ። እንጀራም እንዳይገባ፣ ወዲያው ይሻግታል። ወተትና ሥጋ በጭራሽ። እነሱ ከ5 ዲግሪ በታች ይፈልጋሉ፣ ይህ ሳጥን እዚያ አይደርስም። እናትህ «በርዷል» ብላ ለልጅ ወተት እንዳታቆይበት አደራ።

ለቲማቲም ግን ከፍሪጅ ይልቅ ይስማማዋል። ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል። ቃሪያ፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ሰላጣ ሁሉም ይወዱታል። ጎመኑን ከበሰለ ቲማቲምና ከማንጎ ለይታ በሌላ ሳጥን ታስቀምጥ። የበሰለ ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጎመኑን ቢጫ ያደርገዋል።

ቲማቲሙን አጥባ አታስገባ። ስትሸጥ ትጠበው። ከግድግዳው የሚንጠባጠብ ውሃም አይንካው። የተሰነጠቀውንና የተደፈጠጠውን መጀመሪያ ትለይ፤ አንዱ የሳጥኑን ሁሉ ያበላሻል። ቀላ ያለውን ከፊት፣ ገና ለወጥ ያለውን ከኋላ።

ደግሞም ትልቁ ሳጥን እስኪያልቅ በሸክላ ጀምሩ። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አድርጋችሁ በመሃላቸው አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን አርሱት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ። በናይጄሪያ መሐመድ ባህ አባ የሚባል መምህር ይህንኑ ለገጠር ቤተሰቦች አዳርሶ በፈረንጆች 2000 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቶታል። ሕንዶችም ማሰሮውን ትተው በድርብ የጡብ ግድግዳ፣ በመሃሉ 7.5 ሴንቲሜትር አሸዋ ሞልተው በትልቁ ሠርተውታል። ማሰሮ ስትገዛ ያልተሟሸ መሆኑን ጠይቅ። የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ አያልብም፣ ስለዚህ አያቀዘቅዝም። ለውጩ ጠላ የማይዝ የሚያፈስ ጋን ብታገኝ እሱም ይሆናል፤ ማፍሰሱ እዚህ አይጎዳም።


የጉልት ልጅ (አዳማ)

እማዬ፣ ይህን ሁሉ ለእናቴ አነበብኩላት። ሽንኩርቱን ልታስገባ አስባ ነበር። የሚፈስ ጋን ደግሞ አያቴ ቤት አለ።

ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ሌሊት ልክፈተው ወይስ ልዝጋው? ከሰሉስ በየስንት ጊዜው ይቀየራል?


ብረትና እንጨት (አዳማ)

ቀንም ሌሊትም ዝጋው። ማታ አርሰህ እደር። ሌላው ዘዴ ይህ ነው፦ ከገበያ የመጣ ቲማቲም የቀኑን ሙቀት በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ወዲያው ካስገባኸው ሳጥኑ ያንን ሲያወጣ ይውላል። ማታ ደጅ በጣውላ ላይ ዘርግተህ አሳድረው፣ ሊነጋ ሲል ቀዝቅዞ ታገኘዋለህ፣ ያኔ አስገባው።

ከሰሉ በስብሶ አያልቅም። ግን ውሃችን ጨዋማ ስለሆነ ነጭ ነገር እየጋገረበት ይሄዳል። ነጩ ሲበዛ ከሰሉን አውጥተህ በውሃ እጠበው፣ በፀሐይ አድርቀህ መልሰው። ክረምት ሲገባ ውሃውን አቁምለት፣ ሻጋታ እንዳይይዝ በሩን ከፍተህ ይድረቅ። ያን ጊዜ እናትህ እንደ ተራ መደርደሪያ ትጠቀምበት።

ሽቦውን ስትገዛ ለውስጡም ለውጩም፣ ለበሩም ጨምረህ አንዴ ለካ። እኔ መበየጃ አለኝ። የአልጋውን ብረት ቆርጠህ ከጨረስክ በግል መልእክት ላክልኝና አምጣው፣ ማዕዘኖቹን እበይድልሃለሁ።